ሠላሳ ሁለት ኪሎ መርካቶ

ሰው አርባ ዓመት ሲሞላው አንድ ነገር ይይዘዋል። አንዱን ስኳር ይይዘዋል፣ አንዱ ድንገት ሩጫ ጀምሮ ጉልበቱን ይጎዳል፣ አንዱ ደግሞ ጸጉሩን ቀለም ተቀብቶ የሰፈር መሳቂያ ይሆናል። እኔን የያዘኝ ግን ሐኪም የሚያውቀው ነገር አይደለም። ጌም ሠሪ ሆንኩ። ለስልክ የሚሆን ጌም ቢሆን ደግ ነበር፤ ዛሬ ሕፃኑም ሽማግሌውም ስልክ ላይ አፍጥጦ ነው የሚውለው። እኔ ግን የሠራሁት ፋብሪካው ከረሳው ብዙ ዘመን ለሆነው፣ ባትሪ በጀርባው ለሚጎርስ፣ በእጅ ለሚያዝ አሮጌ የጌም መጫወቻ ነው።

ሸማ ተራ ነው የምሠራው። ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። ሱቁ የአባቴ ነበር፤ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር መማር ስጀምር አባቴ ታመመ፣ ትምህርቱን አቋርጬ ባንኮኒው ጀርባ ቆምኩ፣ ይኸው ቆሜ ቀረሁ። እስከ ዛሬ የተራው ሰው ሁሉ ስልኩ ሲበላሽ "አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለ?" እያለ ያመጣልኛል። የተማርኩት እንዴት እንደሚጠፋ ነው፤ እንዴት እንደሚበራ ሳልደርስበት ነው የወጣሁት።

ነገሩ የጀመረው ምናለሽ ተራ ነው። ምናለሽ ተራን የማያውቅ ካለ፣ አገር የጣለው ዕቃ ሁሉ ዳግመኛ ዋጋ የሚወጣለት ቦታ ነው። ለሱቄ በር ማጠፊያ ልፈልግ ሄጄ፣ ከተቃጠለ ሚክሰርና ከተሰበረ ካውያ ክምር መሃል አንድ ግራጫ ነገር አየሁ። ወዲያው አወቅኩት። ልጅ ሆኜ አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ አባቱ ውጭ አገር የሚመላለስ፣ ይሄን መጫወቻ ይዞ በረንዳቸው ላይ ይቀመጥ ነበር። እኛ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ድምፁን ብቻ እንሰማ ነበር።

"ይሠራል?" አልኩት ሻጩን።

"ባትሪ ካገኘ ይሠራል።"

"ባትሪ አለህ?"

"ባትሪማ ቢኖረኝ ለምን አወራልሃለሁ፣ አሳይህ አልነበር?"

ማጠፊያውን ረስቼ መጫወቻውን ይዤ ተመለስኩ። ባትሪ ከተትኩበት። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ስክሪን በራ፣ "ቲንግ" አለ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ተጫውቶ ይረካ ነበር። እኔ ግን ገልብጬ አየሁትና "ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?" አልኩ። ከዚያች ጥያቄ በኋላ የሆነብኝ ሁሉ የራሴ ጥፋት ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስገባ ለካ በዓለም ዙሪያ እንደኔ ያሉ ሰዎች አሉ። ለዚህ ለሞተ መጫወቻ ዛሬም ጌም የሚሠሩ፣ መሥሪያውንም ለፈለገ ሁሉ በነጻ የሚሰጡ። ነጻ! እኔ መርካቶ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ነጻ የሚባል ነገር ስሰማ ጆንያ ይዤ ነው የምሮጠው። ያገኘሁትን ሁሉ አወረድኩ። እንቁላል መቀቀል አምሮት የሆቴል ወጥ ቤት ያሟላ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ኮምፓይለር የሚሉት አለ፤ የጻፍከውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉም ነው። ጠባዩ የለየለት ቢሮ ነው። አንድ ምልክት ከጎደለች ጠቅላላውን ይመልስልሃል። ምን እንደጎደለ ሲነግርህ ደግሞ የጎደለውን ሳይሆን ከጎደለው በታች ያለውን መስመር ነው የሚወቅሰው። ሻይ ልጠጣ ወጥቻለሁ አይልም እንጂ ሌላው ሁሉ ያው ነው። ቀጥሎ የሥዕል መሥሪያ አለ። ይሄኛው ወዲያው ገባኝ፤ ሥዕሉ ሁሉ ከትንንሽ አራት ማዕዘን ነው የሚገጣጠመው፣ ስምንት ነጥብ ወደ ጎን፣ ስምንት ነጥብ ወደ ታች፣ ቀለሙም ከነጭ እስከ ጥቁር አራት ዓይነት ብቻ። ዕድሜዬን ጥለት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝና ይሄን ማን ይከለክለኛል። ከዚያ የሙዚቃ መሥሪያ አለ፤ በሱ የደረስኩትን ዜማ የሰማ ሁሉ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ መስሎት ዘወር ይል ነበር። ከዚያ ካሴት መጻፊያ፤ ጌሙ ሲያልቅ መጫወቻው ውስጥ የሚገባው ካሴት ላይ የሚጽፍ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ለምኜ አስመጣሁት። በመጨረሻ ኢሙሌተር አለ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የውሸት መጫወቻ ማለት ነው፣ ካሴት ሳትጽፍ የሠራኸውን የምትሞክርበት። ኢሙሌተሩን ወደድኩት። ምንም ነገር ብሰጠው እሺ ይለኛል። እንደዚህ ያለ እሺ ባይ ወዳጅ መጨረሻው ምን እንደሆነ አለማሰቤ ነው የሚገርመኝ።

ላፕቶፔን ባንኮኒው ላይ፣ በነጠላዎቹ መሃል ዘርግቼ መጻፍ ጀመርኩ። ደንበኛ ጋቢ ሲጠይቀኝ ነጠላ አወርዳለሁ፣ ነጠላ ሲጠይቀኝ "ስምንት በስምንት ነው" እላለሁ። ከብዙ ልፋት በኋላ ስክሪኑ ላይ አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ተንቀሳቀሰ። ባለቤቴን ሰብለን ጠራኋት። ሱቁን አብረን ነው የምንሠራው፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር እሷ ትሠራለች፣ እኔ አብሬ አለሁ።

"ይሄ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?" አለችኝ።

"ጋሪ እየገፋ ነዋ።"

"ወዴት?"

"ወደ ቀኝ።"

"ከዚያስ?"

"በቃ፣ ወደ ቀኝ።"

"ጋሪ የሚገፋ ሰው ማየት ካማረህ" አለችና በጣቷ ወደ መንገዱ አመለከተች፣ "በሩ ክፍት ነው።"

አልከፋኝም። ሰውዬዬ ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ጭኖ መርካቶን አቋርጦ ተክለ ሃይማኖት ድረስ መግፋት አለበት። መንገዱ ላይ አህያ ይመጣበታል፣ ሚኒባስ ይመጣበታል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን መንገድ መሃል ቆመው ሰላም የሚባባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። እነሱን ማለፍ አይቻልም። "ደህና ነህ፣ ልጆች ደህና፣ እናትህ ደህና" ተባብለው እስኪጨርሱ መቆም ነው፤ ሽንኩርቱ እዚያው ይበሰብሳል። ይሄን እኔ ራሴ ያሰብኩት ነው፤ እስካሁንም እኮራበታለሁ።

አንድ ቀን ጋሼ ንጉሤ ከጀርባዬ መጥተው ቆሙ። ጋሼ ንጉሤ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ ጥጥን በጣት መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው ከእኔ ቀጥሎ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ፣ ጥጉ ላይ፣ የእትዬ ዘነቡ ሱቅ አለ፤ እትዬ ዘነቡ ደግሞ የሰብለ የክርስትና እናት ናቸው። ሁለቱ አንድ ሸራ በጋራ ገዝተው ከሱቆቻቸው ፊት ዘርግተው፣ ከሥሩ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሲከራከሩ እንኳ አንዱ የሌላውን ዓረፍተ ነገር ነው የሚጨርሰው።

"ምንድነው ይሄ?" አሉ ጋሼ ንጉሤ መነጽራቸውን አውርደው።

"መርካቶ ነው ጋሼ።"

"መርካቶ?" ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። "የኔ ሱቅ የታለ?"

"እሱ እንኳ... ቦታ የለም ጋሼ። ካሴቱ የሚይዘው ሠላሳ ሁለት ኪሎ ነው።"

ኪሎባይት ማለቴ ነበር። እኛ ተራ ግን ኪሎ ኪሎ ነው።

"ሠላሳ ሁለት ኪሎ!" አሉ። "አንተ ልጅ፣ ይሄማ አንድ ሰው በጀርባው የሚያዝለው ነው። ይሄን ነው መርካቶ የምትለኝ? የኔ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ቢወስድብህ ምን ትሆናለህ?"

አባቴን የቀበሩልኝን ሰው እንዴት ግማሽ ኪሎ እነፍጋቸዋለሁ። ሱቃቸውን ሣልኩት፤ እሳቸውንም ከነባርኔጣቸው በሩ ላይ አቆምኳቸው። ደስ ብሏቸው ተራውን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። ተራው ሁሉ ካየ በኋላ እትዬ ዘነቡ መጡ።

"እኔስ ልጄ? ሞቻለሁ?"

እሳቸውንም ሣልኩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥለቱ ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ግን በሬ ላይ ሰልፍ ሆነ። ጋቢ ሻጩ መጣ፣ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ከማዶ ያለው ክር ነጋዴ መጣ። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ "ንጉሤ ገብቶ እኔ የምቀርበት ምክንያት ምንድነው?" ጌም ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ሸምሱ የገባው። ሸምሱ ደላላ ነው። ሱቅ ያሻሽጣል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ሁለት ጊዜም ትዳር ደልሎ አንደኛው ይዟል። እንደ ሸምሱ ተጫዋች ሰው የለም፤ ስለ ጌም ግን ምንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ቦታ ሲያጥር በማን ፊት ላይ ምን እንደሚነበብ።

"ስንት ቦታ ቀርቶሃል?" አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

"የጥቂት ሥዕል ቦታ ነው የቀረኝ።"

"ጥቂት እንዳትል። ‘እየታየ ነው’ በል። ሌላውን ለኔ ተወው።"

በማግስቱ ሸምሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲያወራ ሰማሁት። "ሁለተኛ ስክሪን ነው፣ ግን አስፋልት ዳር ነው፤ ጋሪው የግድ በፊትህ ያልፋል።" ለሌላው ደግሞ፣ "ሦስተኛው ስክሪን ራቅ ይላል፣ አልዋሽህም፤ ሰፈሩ ግን እያደገ ነው።" ሰዎች እየመጡ ቦታቸውን ላፕቶፑ ላይ ማየት ጀመሩ። አንዱ ሜትር አውጥቶ ስክሪኔን ለካ። አንዱ ደግሞ የሱ ሱቅና የጎረቤቱ ሱቅ መሃል ያለችው አንድ ነጥብ የማን እንደሆነች እንዲጻፍለት ጠየቀ። ሸምሱ ገንዘብ አልተቀበለም፤ ይሄን እመሰክርለታለሁ። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ምሳውን ራሱ ከፍሎ ሲበላ ያየው የለም።

ይሄ ሁሉ ሳቅ ነበር። ሳቁ ያበቃው እትዬ ዘነቡ አንድ ነገር ያስተዋሉ ቀን ነው።

"ና እስቲ" አሉኝ፣ ላፕቶፑን በነጠላቸው ጫፍ እየጠቆሙ። "ጋሪው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው?"

"ጋሼ ንጉሤን።"

"እዚህ ተራው ውስጥስ ጥጉ ላይ ያለው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት እትዬ።"

"ዕድሜዬን ጥጉ ላይ ተቀምጬ ብርድ የጠጣሁት እኔ፣ ጥጉን የወሰደው ንጉሤ!"

ጋሼ ንጉሤ ከሱቃቸው ሰሙ። "ሰው የሚያውቀው የኔን ሱቅ ነው!" አሉ ብቅ ብለው። "አድራሻዋን ስትናገር እኮ ‘ከንጉሤ ቀጥሎ’ ነው የምትለው!"

"እኔ? እኔ ‘ከንጉሤ ቀጥሎ’?"

"ትናንት በስልክ ስትይ ሰምቻለሁ!"

በዚያን ቀን ምሳቸውን ለየብቻ በሉ። አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ዞረው፣ ሳይጣፍጣቸው። እኔ ያልፋል ብዬ ነበር። በሳምንቱ ጋሼ ንጉሤ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ይዘው ወጡና ያን የጋራ ሸራ ከመሃሉ ቆረጡት። "ድርሻዋን ትውሰድ" አሉ። እትዬ ዘነቡም አልተለመኑም፤ ድርሻቸውን ጎትተው በሌላ በኩል አሰሩት። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ከሁለቱ ሸራ መሃል ይወርድ ጀመር፤ የሚወርደውም ልክ ደንበኛ በሚቆምበት ቦታ፣ አንገት ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ ለልጇ ሠርግ ሙሉ የሸማ ልብስ ልታዝ መጥታ፣ አንገቷን ጠርጋ ሄደች። ሁለቱም አይተዋል።

ቤቴም ጦፈ። ሰብለ የክርስትና እናቷ ወገን ናት። "አንድ መስመር ቀይር፣ እናቴን ጥጉ ላይ አድርግልኝ ብዬ አልለምንህም፤ ቦታቸውን መልስ ነው የምልህ" አለችኝ። ጋሼ ንጉሤ ደግሞ ጠዋት ሰላም ሲሉኝ እጄን ይዘው ይቆዩና፣ "አባትህ ሰው አይከዳም ነበር" ይሉኛል። ልብ በሉ፣ ስለ ስምንት ነጥብ ነው የምናወራው።

መሣሪያ ሲበዛ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሞኝነትን ያፋጥናል። ድሮ ቢሆን ለማስታረቅ ሽማግሌ እልክ ነበር። አሁን ግን አንድ መስመር ቀይሬ ኮምፓይለሩን ብጠራው ሌላ መርካቶ ይወጣልኛል። ሁለት ጌም አዘጋጀሁ። በአንዱ ጋሼ ንጉሤ ጥግ ላይ ናቸው፣ በአንዱ እትዬ ዘነቡ። እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠርቼ የየራሳቸውን አሳየሁ። ሁለቱም መረቁኝ። ሰብለም በዚያን ቀን ለምሳ ቅቅል ሠራችልኝ። ቅቅሉ እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

ጋሼ ንጉሤ ለደንበኛ "ጥጉን ወሰድኩት" ብለው ሲፎክሩ፣ በዚያኛው በኩል እትዬ ዘነቡ ለደንበኛ "ጥጌን አስመለስኩ" እያሉ ነበር። ሸራው ተቆርጧል እንጂ ግድግዳው ያው ስስ ነው። ሁለቱ ከየሱቃቸው ወጥተው ባንኮኒዬ ፊት ተገናኙ።

"አሳየን" አሉ ጋሼ ንጉሤ።

"የትኛውን ጋሼ?"

ከአፌ ያመለጠች ቃል ናት። "የትኛውን" ስል ሁለቱም ገባቸው።

"ንገራት፤ ይሄ ልጅ ሁለታችንንም እንደሸወደን ንገራት!" አሉ ጋሼ ንጉሤ ወደኔ እያዩ።

"ንገረው፤ ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ በለው!" አሉ እትዬ ዘነቡ እሳቸውም ወደኔ እያዩ።

ነገሩ ወደ ተራው ኮሚቴ ሄደ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ንጉሤ ስለሆኑ ራሳቸው ከሰሱ፣ ራሳቸው ስብሰባ ጠሩ፤ ከዚያ ሸምሱ አባል ባልሆነበት ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ አቀረበ። ጌሙ በተራው ሰው ሁሉ ፊት ይታይ፣ የዚያን ቀን የታየው የመጨረሻው ይሁን፣ ማንም ከዚያ በኋላ ጥግ አያንሳ። በዚህ ተስማሙ። ሸምሱ ነገር ማሳደግ ይወዳልና የክብር እንግዳ ጋብዣለሁ አለ።

እኔ እውነቱን ለመናገር ጥሩ መላ አገኘሁ። ለምን በአንድ ወገን ይደረደራሉ? መንገዱን መሃል ላይ አደረግኩና ጋሼ ንጉሤን ከላይ፣ እትዬ ዘነቡን ከታች፣ ፊት ለፊት አደረግኳቸው። ጋሪው ሲገባ ሁለቱም እኩል ብቅ ይላሉ። ኢሙሌተሩ ላይ ሞከርኩት፤ ሕይወት ያለው ነው የሚመስለው። ሰብለ እንኳ አይታ "ይሄን መጀመሪያ ብታደርገው ምን ነበረበት" አለች፤ ከእሷ አፍ ይሄ ሽልማት ነው።

"ላፕቶፑ ላይ አሳያቸዋለሁ" አልኩት ሸምሱን።

"ላፕቶፑ ላይ ያለው ምንድነው? ዋናው ነው?"

"አይደለም፤ እንደ ዋናው የሚሆን ነው። ኢሙሌተር ይባላል።"

ፊቱ ተቀየረ። "ኮፒ ነው?"

አንድ ቃል ነው የተናገረው፤ በደቂቃ ተራውን ዞረ። ቀኑን ሙሉ ‘ኦሪጅናል’ የተጻፈበት ቲሸርት ከጆንያ እያወጡ የሚሸጡ ሰዎች ተቆጡ። ኮፒ ሊያሳየን ነው! እኛን! ኦሪጅናሉ ካልሆነ አናይም! በዕለቱ ጠዋት ካሴቱን ለመጻፍ ስቀመጥ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ካለው ጎረቤት ገመድ ጎትቼ ጽፌ ስጨርስ ሸምሱ ክንዴን ይዞ እየጎተተኝ ነበር። መጫወቻው ላይ አልሞከርኩትም። ኢሙሌተሩ እሺ ብሏል ብዬ።

ከተራችን ማዶ ያለው፣ የራሱ ጄኔሬተር ያለው ሕንጻ ምድር ቤት ሞልቷል። ሸምሱ ከኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ትልቅ ቴሌቪዥን ተውሶ፣ የስልኩን ካሜራ ከመጫወቻው በላይ በሽቦ አንጠልጥሎ፣ ትንሿን ስክሪን ግድግዳ አሳክሏታል። የክብር እንግዳው የሆነ ቢሮ ኃላፊ ነበሩ፤ የየትኛው እንደሆነ ሸምሱም በደንብ አላወቀም። ተነሥተው ከወረቀት ንግግር አነበቡ። ስለ ቴክኖሎጂ ጀምረው፣ ስለ ወጣቱ አልፈው፣ "በተለይ ጫጩቶቻችን ከብርድ እንዲጠበቁ" ሲሉ ነው ወረቀቱ የዶሮ እርባታ መሆኑን ያወቅነው። ሸምሱ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። እሳቸውም ጭብጨባ ስላገኙ ጨርሰው አነበቡት።

ካሴቱን ሰክቼ አበራሁ። "ቲንግ" አለ። ሰውዬዬ ጋሪውን እየገፋ በአህዮቹ መሃል አለፈ፤ ሰው አጨበጨበ። ጋሼ ንጉሤ በአንድ ጫፍ፣ እትዬ ዘነቡ በሌላ ጫፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሪው ሸማ ተራ ገባ።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ፤ ያኔ አላወቅኩትም፣ በኋላ ነው የገባኝ። ዋናው መጫወቻ ስክሪኑን እየሣለ ሳለ አዲስ ሥዕል ብታቀብለው አይቀበልም። ሥዕሉን ሥሎ እስኪጨርስ ጠብቀህ ነው የምትሰጠው። ኢሙሌተሬ ግን እንዳልኳችሁ እሺ ባይ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ያቀበልኩትን ይቀበለኝ ነበር። ሁለት ሱቅ በአንድ ጊዜ ሳቀብል መጫወቻው ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን ጣለ፤ በተጣለው ቦታ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው ሥዕል፣ አህያው፣ እንዳለ ቀረ።

ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ አንድ ፍጥረት ከሱቅ ወጣ። ከላይ የጋሼ ንጉሤ ባርኔጣና መነጽር። ከመሃል የእትዬ ዘነቡ ነጠላ፣ ከነጥለቱ። ከታች አራት እግርና ጭራ።

ምድር ቤቱ ጸጥ አለ። ፍጥረቱ ጭራውን ቆላ።

ሸምሱ ደላላ ነው፤ ጸጥታ አይችልም። "እንግዲህ ይሄ" አለ ማይኩን ይዞ፣ "ይሄ እንግዲህ... ሽርክና ነው! ሁለቱ ሱቆች ተዋሕደው፣ ትራንስፖርትም ጨምረው!"

"በጣም ጥሩ አቅጣጫ ነው" አሉ የክብር እንግዳው ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ፈረሰ። ክር ነጋዴው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰብለ፣ ባለቤቴ፣ ያገባኋት ሴት፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሁለቱን ብቻ ነበር የማየው። ጋሼ ንጉሤ ቀስ ብለው ተነሡ። ያን ሁሉ ጊዜ ያላዩትን ሰው ዞረው አዩ።

"ዘነቡ" አሉ። "ይሄ ልጅ አህያ አደረገኝ።"

"አንተን ብቻ?" አሉ እትዬ ዘነቡ። "አስተውለህ እየው፤ እግሩ እኮ ከኔ ነጠላ ሥር ነው የወጣው።"

"ጭራም አለው።"

"ጭራው ያንተ ነው።"

"አባቱ እንዲህ አልነበረም።"

"አባቱማ ወርቅ ነበር። እኛ ነን ያበላሸነው፤ ሲያጠፋ አልቆነጠጥነውም።"

"አንቺ ነሽ ‘ተወው፣ ልጅ ነው’ የምትይው።"

"አንተስ? በእንቁጣጣሽ ማን ነበር ኳስ የሚገዛለት?"

እንዲህ እየተባባሉ ደረጃውን ወጡ። ጋሼ ንጉሤ ደረጃው ላይ የእትዬ ዘነቡን ክንድ ደገፉ። እኔ እዚያው መጫወቻዬን ታቅፌ ቀረሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ የምድር ቤቱ ወለል ግን ሲሚንቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን ከነጠላ ሥር ደብቄ አንገቴን ደፍቼ ሰነበትኩ። ሸምሱ ለጊዜው ሌላ ተራ ሄደ፤ ምሳቸውን የበላባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድ ጠዋት ሱቅ ስከፍት የተቆረጠው ሸራ መሃሉ ላይ በወፍራም ክር ተሰፍቶ አገኘሁት። ስፌቱ ጠማማ ነበር። ማን እንደሰፋው አልጠየቅኩም።

በምሳ ሰዓት ጠሩኝ። ከሸራው ሥር ሳህኑ መሃላቸው ነው። ዘለፋ ጠብቄ ሄድኩ፤ እትዬ ዘነቡ ጉርሻ አጎረሱኝ፣ አፌ ሞልቶ መልስ እንዳልሰጥ መሰለኝ።

"ተነጋግረናል" አሉ ጋሼ ንጉሤ። "ሁለታችንንም አውጣን።"

"ከጌሙ?" አልኩ እንደምንም ውጬ።

"ከጌሙ። ሌሎቹንም አውጣ። ሁሉም ይውጣ።"

"እና ቦታው ባዶ ይሁን ጋሼ?"

"ያ ሰውዬ" አሉ እትዬ ዘነቡ፣ "ያ ጋሪ የሚገፋው። ሽንኩርት ጭኖ ሲገፋ ይውላል፣ አህያ ይረግጠዋል፣ መኪና ይገጨዋል። አንድ ቀን ተቀምጦ አይተኸዋል?"

"ጌም እኮ ነው እትዬ። ሰውዬው አይደክመውም።"

"ሲገፋ አይቼዋለሁ፤ ይደክመዋል። ማረፊያ ሥራለት። አግዳሚ ነገር።"

ሠራሁለት። ሱቆቹን ሁሉ አጥፍቼ፣ መጫወቻው ሥሎ እስኪጨርስ መጠበቅን ተምሬ፣ መንገዱ ዳር አንዲት አግዳሚ አስቀመጥኩ። ሰውዬው ጋሪውን አቁሞ ይቀመጥባታል፤ ሲቀመጥ ሽንኩርቱ አይበሰብስም። በዋናው መጫወቻ ላይ ሞክሬ፣ ደግሜ ሞክሬ፣ ወሰድኩላቸው።

ስክሪኗ የክብሪት ቀፎ የምታክል ናት። ለማየት ጋሼ ንጉሤ ከዚህ፣ እትዬ ዘነቡ ከዚያ ጎንበስ አሉ፤ ባርኔጣውና ነጠላው ተነካኩ። ሰውዬው ጋሪውን አቆመ። ተቀመጠ።

እትዬ ዘነቡ አግዳሚዋን በጣታቸው ለኩ።

"ጠባብ ናት" አሉ። "ሌላ ሰው ቢመጣ የት ይቀመጣል?"

"ይጠጋለታላ" አሉ ጋሼ ንጉሤ። "በይ አንቺም ጠጋ በይ፣ ከለልሽኝ።"